ቁጥር አርባ ሰባት

ከሰላ ድንጋይ ሌሊት፣ በጭነት መኪና፣
ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ብርዱ ሳይበርድ ገና።
ጉዳዬ ማኅተም ነው፣ መታወቂያ ላድስ፤
ማኅተም ያዡ የለም፤
«ጠብቅ» አሉኝ፣ «ጠብቅ፣ እሱ እስኪመለስ።»

የት ቆሜ ልጠብቅ? ጣቴ ደንዝዞብኝ፣
ዞር ስል፣ «ሙዚየም» የሚል በር ታየኝ።
እውነቱን ልናገር፦ ቅርስ አልጠራኝም፣
ነፋስ ነው የገፋኝ።

ዐሥር ብር ከፈልኩ። ቲኬት ቆረጠችልኝ
ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበች ወጣት፤
እስከዳር ነው ስሟ፤
አምፖል አበራችና ከፊት ከፊት መራችኝ።

የመጀመሪያው ክፍል የመንዝ ባና አለ፣
ጥግ ጥጉን ብል በልቶት ካርታ የመሰለ።
እስካሁን የበግ ጠረን ከክሩ ያልለቀቀው፣
ባየሁት ጊዜ ነው ትከሻዬ የሞቀው።
ቀጥሎ ቁና አለ፣ ከንፈሩ ያለቀ፤
ቀጥሎም ልጓም፣ አፍ የናፈቀ።
የብረት ቁልፍ አለ፣ ክንድ ሙሉ የሚሆን፤
«በሩስ?» ብዬ ብላት፣
«በሩ» አለች እስከዳር፣ «እሱ አልደረሰን።»

ከዚያ ጥጉ ጋ፣ ቁጥር አርባ ሰባት።

ጠፍር ነው፣ የበሬ ቆዳ፤ እንደ ክረምት እባብ
ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ በየመሐሉ ቋጠሮ፣ የማይነበብ ንባብ።
ከሥሩ ካርቶን ላይ፦
«የመሬት መለኪያ ገመድ። ከሞጃ የተገኘ። ባለቤቱ ያልታወቀ።»
አነበብኩት፤ ደገምኩት፤ ምራቄ ደረቀ።

አባቴን ይፍሩን ይህ ገመድ ነው የበላው።
«ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ቀይ ጨርቅ አለበት» ይል ነበር፤ ይኸው!
ጨርቁ አሁን ቡኒ ነው፤ ግን ያው ነው፣ ራሱ ነው።

ሁለት ጎረቤቶች እኩል ሊካፈሉ፣
አምስት አምስት ገመድ ይለካ ተባባሉ።
ለሸዋንግዛው ጠዋት፣ ሣሩ ጤዛ አርግዞ፣
ገመዱ ውኃ ጠጥቶ፣ አለልክ ተጉዞ፤
ለአባቴ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት እየጠበሰ፣
ያው ገመድ ደረቀ፣ ተኮማተረ፣ አነሰ።

«ገመድ ያድጋል ወይ?» ብሎ ዳኛው ሳቀ፤
ጸሐፊው ሳቀ፤ ደጅ የቆመው ሳቀ።
አባቴ አልሳቀም። ይግባኝ አለ፤ በቅሎ ሸጠ፤
ይግባኝ አለ፤ በሬ ሸጠ፤
አዋጅ መጥቶ መሬቱ ሲለወጥ፣ እሱ አልተለወጠ።
ሲሞት እንኳ «ጤዛ» ነው የመጨረሻ ቃሉ፤
የነፍስ አባቱ ሰምተው፣
«አዎን፣ ሰው ጤዛ ነው» ብለው አለቀሱ አሉ።

እኔም አላመንኩትም፤ ዛሬ ልናዘዝ።
ገመድ ላይ ያበደ አባት ለልጅ ያሳፍራል።

እስከዳር አምፖሉን ልታጠፋ ብላ፣
«ይሄ ገመድ» አለች፣ «አመሉ ሌላ፤
ነሐሴ ነሐሴ ከሳጥኑ ይተርፋል፣
ጫፉ ይወጣና መስታወቱን ይገፋል፤
ጥር ላይ ተመልሶ ይገባል።
በየዓመቱ እኔ ነኝ የምጠቀልለው።»
አቧራ ስለመጥረግ እንደሚያወራ ሰው፣
እንዲሁ፣ በዋዛ ነው ያለችው።

ወንበር ለመንኳት፤ ተቀመጥሁ።
መሬቱማ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው፣ የሦስተኛ ሰው፤
ሸዋንግዛውና አባቴ አንድ ደብር ተኝተዋል፣
ሦስት ክንድ ተራርቀው።
ያንን የለካ የለም።

«እርሳስ አለሽ?» አልኳት።
«ካርቶኑ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» አለች።
ቆየች።
ቆይታ፣ ራሷ፣ በጥቃቅን ፊደል፣
«ያልታወቀ» ከሚለው በታች ጻፈች፦
«እርጥብ ሲሆን ይረዝማል።»
ስም አልጨመረችም። እኔም አልለመንኳት።

ማኅተም ያዡ መጥቶ፣ ለምሳ ወጥቷል።
በበረሳ ወንዝ በኩል ነፋሱ ይመጣል።
እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፤ «ጠብቅ» ብለውኝ የለ?
አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ባልነካው ሣር ላይ፣
አሁንም ጤዛ አለ።